ዱን ካርሎዌይና የሉዊስ ደሴት ትክል ድንጋዮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሉዊስ ከስኮትላንድ ዋና ምድር በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ከሚገኙት የውጭ ሄብሪዲስ ደሴቶች አንዷ ናት። በምዕራብ ጠረፏ ላይ ዱን ካርሎዌይ የሚባል ግማሹ የፈረሰ የድንጋይ ግንብ፣ ከእርሱም በመኪና የሩብ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ የካላኒሽ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ለማየት የሚያስቡ ሰዎች አብዝተው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች ቀርበዋል። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዱን ካርሎዌይ ምን ዓይነት ሕንጻ ነው?

ዱን ካርሎዌይ ከስኮትላንድ ውጭ ከማይገኙት፣ «ብሮክ» ተብለው ከሚጠሩት ክብ የድንጋይ ግንቦች አንዱ ሲሆን፣ የተሠራውም በብረት ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ ነው። በስኮትላንድ ሰሜንና ምዕራብ ከ500 በላይ የብሮክ ፍርስራሾች እንዳሉ ይገመታል፤ አብዛኞቹ ግን ዛሬ ሣር የለበሱ የድንጋይ ክምሮች ብቻ ናቸው። ዱን ካርሎዌይ በአንድ ጎኑ አሁንም 9 ሜትር ያህል ከፍታ ይዞ ቆሟል። የውጭው ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 14 ሜትር ያህል፣ የውስጡ ደግሞ 7 ሜትር ተኩል የሚጠጋ በመሆኑ፣ ከጠቅላላው ስፋት ግማሽ የሚሆነውን የያዘው ግድግዳው ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ይህን ያህል ከፍታ እንዴት ሊቆም ቻለ?

ምስጢሩ ግድግዳው አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ነው። ግንበኞቹ አንዱን ክብ ካብ በሌላው ውስጥ እየካቡ፣ በመካከላቸው ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት ትተዋል። በተወሰነ ከፍታ ልዩነት ረጃጅም ጠፍጣፋ ድንጋዮችን ከውስጠኛው ካብ ወደ ውጭኛው እያጋደሙ ሁለቱን አስተሳስረዋቸዋል፤ እነዚህ የተጋደሙ ድንጋዮች ለታችኛው መተላለፊያ ጣሪያ፣ ለላይኛው ደግሞ ወለል ሆነው ያገለግላሉ። በዚሁ ክፍተት ውስጥ የድንጋይ ደረጃ ግንቡን እየዞረ ይወጣል። የውጭው ካብ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ክብደቱ ወደ መሐል ይደገፋል እንጂ ወደ ውጭ አይንድም። ባዶው ክፍተት የሕንጻውን ክብደት ይቀንሳል፤ በተጨማሪም ከባሕር የሚመጣውን ነፋስና ዝናብ የውጭው ካብ ተቀብሎ ስለሚያስቀረው የውስጠኛው ይበልጥ ደረቅ ሆኖ ይቆያል።

በውስጠኛው ግድግዳ ዙሪያ ወጣ ብሎ የተሠራ የድንጋይ እርከን ይታያል። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚስማሙበት፣ ይህ እርከን የቆጡን ወለል የተሸከሙት እንጨቶች ያርፉበት የነበረ ነው። ሰዎቹ በቆጡ ላይ ሲኖሩ፣ ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ ያገለግል እንደነበር፣ ከላይም ሾጣጣ የሣር ክዳን እንደነበረው ይታሰባል። ደሴቲቱ ዛፍ የሌላት ያህል የተራቆተች መሆኗን ያየ ሰው ለዚያ ቆጥና ለዚያ ክዳን የሚሆነው እንጨት ምን ያህል ውድ ሀብት እንደነበረ ለመገመት አይቸገርም።

በሼትላንድ ደሴቶች የሚገኘው የሙሳ ብሮክ 13 ሜትር ከፍታ ያለውና ከሁሉም በተሻለ ሁኔታ የተጠበቀ ነው። ይሁንና የብሮክን አሠራር ለመረዳት የሚፈልግ ጎብኚ በመጀመሪያ ዱን ካርሎዌይን ቢያይ ይሻለዋል የሚል እምነት አለኝ። ሙሳ ሙሉ ስለሆነ ከውጭ ለሚያየው ውስጡን ይደብቃል፤ የዱን ካርሎዌይ አንዱ ጎን ግን ተንዶ በመውደቁ፣ ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት ንጣፎቹን እንደሚያሳይ ሁሉ፣ ሁለቱን ካቦች፣ በመካከላቸው ያለውን መተላለፊያና የተጋደሙትን ድንጋዮች ከውጭ ቆሞ አንድ በአንድ ለመቁጠር ያስችላል።

ግንቡ ምሽግ ነበር ወይስ መኖሪያ ቤት?

ይህ ጥያቄ ዛሬም ሊቃውንቱን ያከራክራል። ምሽግ ነበር የሚሉት ወገኖች አንድ በር ብቻ ያለው መሆኑን፣ በሩም ጎንበስ ካላሉ የማያስገባ ዝቅተኛና ጠባብ መሆኑን፣ ከመግቢያው ጎንም በር ጠባቂ የሚቀመጥባት የምትመስል ትንሽ ክፍል መኖሯን ይጠቅሳሉ። መኖሪያ ነበር የሚሉት ደግሞ መስኮትም ሆነ ወደ ውጭ መወርወሪያ ቀዳዳ የሌለው፣ ጠላት ከቦ ቢቀመጥ ለብዙ ቀን የማያስችል ሕንጻ እንደ ምሽግ ደካማ መሆኑን ያስረዳሉ። በእነርሱ አስተሳሰብ ብሮክ የአንድ ባለጸጋ ገበሬ ቤተሰብ ቤት ነበር፤ ቁመቱም መሬቱና ከብቱ የማን እንደሆነ ከሩቅ ለሚያይ ሁሉ ይናገር ነበር። በግንቡ በር ላይ ቆሞ ከታች ያለውን ሐይቅ፣ የግጦሹን መሬትና ከዚያ ወዲያ የሚታየውን ባሕር ለተመለከተ ሰው ሁለተኛው አስተሳሰብ ይበልጥ ያሳምናል፤ ቢሆንም ዘራፊ በበዛበት አገር የባለጸጋ ቤት ጥቂት ምሽግነት ሳይኖረው አይቀርም።

ታዲያ ለምን ፈረሰ?

የደሴቲቱ ሰዎች የሚተርኩት አንድ ታሪክ አለ። በ1601 ገደማ፣ ከደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ ከኔስ የመጡ የሞሪሰን ጎሣ ሰዎች የኡይግ ነዋሪዎች የሆኑትን የማኮሌዎችን ከብት ዘርፈው ሲመለሱ ተደረሰባቸውና በዚህ ግንብ ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። ከማኮሌዎች ወገን የሆነው ዶናልድ ካም የሚባል ሰው ሁለት ጩቤዎችን በካቡ ስንጥቆች ውስጥ እያፈራረቀ እየሰካ በውጭው ግድግዳ ወጣና፣ በእሳት የተያያዘ ሄዘር ወደ ውስጥ ወርውሮ ዘራፊዎቹን በጭስ አፈናቸው። ሄዘር በደጋችን ከሚበቅለው አስታ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ቁጥቋጦ ነው፤ አስታ ሲነድ ያየ ሰው ዘዴው ለምን እንደሠራ ይገባዋል። ታሪኩ በአፍ ሲወርድ የመጣ ቢሆንም፣ ግንቡ በዚያን ጊዜ ገና ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ የቆመ እንደነበር የሚጠቁም ተደርጎ ይወሰዳል።

ከዚያ በኋላ ለመፍረሱ ዋናው ምክንያት ከጦርነት ይልቅ ግንባታ ይመስላል። ከግንቡ በታች ባለው ሜዳ ላይ የቆዩ ቤቶች ፍርስራሽ ይታያል፤ በአጠገቡ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድንጋይ እያለ ገበሬ ሌላ ድንጋይ ለመፈለግ አይደክምም። በ1882 በብሪታንያ ጥንታዊ ሐውልቶችን የሚጠብቀው የመጀመሪያው ሕግ ሲወጣ፣ የካላኒሽ ትክል ድንጋዮች በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ይህ ግንብም በስኮትላንድ ቀድመው የመንግሥት ጥበቃ ካገኙት ሐውልቶች አንዱ ነው። አሁን ሁለቱንም የሚንከባከበው ሂስቶሪክ ኢንቫይሮንመንት ስኮትላንድ የተባለው መንግሥታዊ ተቋም ነው።

ግንቡንና የካላኒሽን ድንጋዮች የሠሩት አንድ ሕዝቦች ናቸው?

አይደሉም። ቦታዎቹ ስለተቀራረቡ ብቻ ዘመናቸውም አንድ የሚመስላቸው ጎብኚዎች ብዙ ናቸው። የካላኒሽ ክብ የተተከለው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2900 እስከ 2600 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ብረትም ሆነ ነሐስ ወደ ደሴቲቱ ከመድረሱ በፊት ማለት ነው። ዱን ካርሎዌይ የተካበው ከዚያ ከ2,000 ዓመት በላይ ዘግይቶ በመሆኑ፣ የግንቡ ሠሪዎች ትክል ድንጋዮቹን ካቆሙት ሰዎች ይልቅ በዘመን ለእኛ ይቀርባሉ። ለእነርሱም ካላኒሽ እንደ እኛው ሁሉ ማን እንደተከለው የማይታወቅ ጥንታዊ ቦታ ነበር።

ካላኒሽ ላይ ምን ይታያል?

በመካከል 4.8 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ቀጭን ድንጋይ ቆሟል፤ እርሱን 13 ትክል ድንጋዮች ከበውታል። ከክቡ ወደ ሰሜን 83 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በሁለት መስመር ድንጋዮች የታጠረ መንገድ ይወጣል፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ደግሞ አጠር ያሉ ነጠላ መስመሮች ይዘረጋሉ። በክቡ ውስጥ፣ ከመካከለኛው ድንጋይ ሥር፣ ክቡ ከተተከለ በኋላ የተሠራ ትንሽ መቃብር አለ። በ1980 እና በ1981 የተካሄደው ቁፋሮ ክቡ ከመቃብሩ እንደሚቀድም ያረጋገጠ ሲሆን፣ ከብዙ ዘመን በኋላም መቃብሩ ተጠርጎ መሬቱ እንደታረሰ አሳይቷል።

ድንጋዮቹ የአገሩ ናይስ ናቸው። ይህ ዓለት እስከ 3 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው፣ በአውሮፓ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ቀርበው ቢመለከቱት፣ በላዩ የሚጠማዘዙት ነጭና ጥቁር መስመሮች እንደ እንጨት ጅማት ጎልተው ይታያሉ። ድንጋዮቹ በእንግሊዝ እንዳሉት እንደ ስቶንሄንጅ ትክል ድንጋዮች አልተጠረቡም፤ እያንዳንዱ በተፈጥሮ ቅርጹ የቆመ ስለሆነ ሰው ሰው ይመስላል። በ17ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ማስታወሻ የአገሩ ሰዎች ድንጋዮቹን በጠንቋይ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ሰዎች ናቸው ይሏቸው እንደነበር ይገልጻል። የእኛን የጢያ ትክል ድንጋዮች የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» እንደሚላቸው ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ተካዩ ሲረሳ ለድንጋዩ ባለቤት የሚፈልግለት ተረት ነው።

ዛሬ የምናየው ቁመት ለረጅም ጊዜ ተሸፍኖ የቆየ ነው። በእርጥብና ቀዝቃዛ ምድር የዕፅዋት ቅሪት ሳይበሰብስ እየተጠራቀመ የሚፈጠረው፣ ሰዎቹ ቆርጠውና አድርቀው እንደ ማገዶ የሚጠቀሙበት «ፒት» የሚባል ጥቁር አፈር ድንጋዮቹን እስከ 1.5 ሜትር ድረስ ቀብሯቸው ነበር። ይህን አፈር በ1857 ያስጠረገው በዘመኑ የደሴቲቱ ባለቤት የነበረው ሰር ጄምስ ማቲሰን ነው።

ካርታው ላይ ሲታይ መስቀል ይመስላል፤ የክርስትና ምልክት ነውን?

ከላይ ሲታይ ክቡና አራቱ ክንፎች በእርግጥ መስቀል ይመስላሉ። ነገር ግን ክቡ የተተከለው ክርስቶስ ከመወለዱ ከ2,600 ዓመት በላይ አስቀድሞ ስለሆነ ከክርስትና ጋር ግንኙነት ሊኖረው አይችልም። ክንፎቹም በትክክል ቀጥ ብለው አይገጣጠሙም፤ የሰሜኑ መንገድ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ነው።

ጨረቃ በድንጋዮቹ መካከል ትመላለሳለች የሚባለው እውነት ነው?

በመጠኑ እውነት ነው። ጨረቃ በየ18.6 ዓመቱ የመውጫና የመግቢያ ቦታዋ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን የሚርቅበት ወቅት አላት። በዚያን ጊዜ ከካላኒሽ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሙሉ ጨረቃ በደቡብ በኩል ካሉት ኮረብታዎች ጥቂት ብቻ ከፍ ብላ አድማሱን እየታከከች ታልፋለች። የኮረብታዎቹ ቅርጽ በጀርባዋ የተኛች ሴት ስለሚመስል በአገሩ ቋንቋ በጌሊክ «የረግረጉ አሮጊት» የሚል ትርጉም ያለው ስም አላቸው። ድንጋዮቹ ሆን ተብለው ለዚህ ተተክለዋል ወይስ አልተተከሉም የሚለው ያልተቋጨ ክርክር ነው፤ እይታው ግን ማንም ሊያየው የሚችል ነው። የቅርቡ ወቅት በ2024 እና በ2025 አልፏል፤ የሚቀጥለው በ2043 ገደማ ይሆናል።

በአቅራቢያው ሌላ ምን አለ?

ከዋናው ካላኒሽ በእግር በሚደረስ ርቀት ሁለት ትናንሽ የድንጋይ ክቦች አሉ፤ ተመራማሪዎች ካላኒሽ ሁለትና ካላኒሽ ሦስት ይሏቸዋል። አውቶቡስ ሙሉ ሰው በዋናው ላይ በሚራገፍበት ሰዓት እነዚህ ብዙ ጊዜ ከበጎች በስተቀር ማንም የለባቸውም፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው እንዳያልፋቸው አጥብቄ እመክራለሁ። ከዱን ካርሎዌይ በምዕራብ ጠረፍ መንገድ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ደግሞ ክላክ አን ትሩሻል የተባለው፣ በስኮትላንድ ቁመቱ ከሁሉ የሚበልጠው 5.8 ሜትር ያህል የሆነ ነጠላ ትክል ድንጋይ ይገኛል። ከ1953 ጀምሮ በድልድይ በተገናኘችው በግሬት በርኔራ ደሴት፣ ቦስታ በተባለው የባሕር ዳርቻ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ ያጋለጠው የብረት ዘመን መንደር ነበር፤ ተቆፍሮ ከተጠና በኋላ ዳግመኛ ተሸፍኖ በአጠገቡ በአምሳያው የተሠራ ቤት ቆሟል።

ከታሪክ በፊት የነበሩ ባይሆኑም፣ «ብላክ ሐውስ» የሚባሉት ባለሣር ክዳን ቤቶች ለግንቡ ጥሩ ማብራሪያ ናቸው። ጋሬናን በተባለው መንደር የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ከእነዚህ ቤቶች የወጡት በ1974 ነው። ወፍራም ድርብ የድንጋይ ግድግዳ፣ ጭስ ማውጫ የሌለው ምድጃ፣ ሰውና ከብት በአንድ ክዳን ሥር መሆናቸው፣ ብሮኩ ከፈረሰ በኋላም የአኗኗሩ ዘይቤ ምን ያህል እንደቆየ ያሳያል። በገጠር ጎጆ ያደገ ኢትዮጵያዊ አስጎብኚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ወደ ደሴቲቱ እንዴት ይደረሳል?

ከአዲስ አበባ የሚነሣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ በለንደን ወይም በማንችስተር በኩል ወደ ስኮትላንድ ይሻገራል። ከግላስጎው፣ ከኤድንብራና ከኢንቨርነስ ወደ ስቶርኖዌይ፣ የሉዊስ ብቸኛ ከተማ፣ አነስተኛ አውሮፕላኖች ይበራሉ። በመኪና የሚጓዝ ሰው ከኢንቨርነስ ወደ ኡላፑል አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድቶ፣ ካልማክ በሚባለው ድርጅት መርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል ከሚበልጥ ጉዞ በኋላ ስቶርኖዌይ ይደርሳል። በበጋ ወራት መኪና ለማሳፈር የሚያስችል ቦታ አስቀድሞ ስለሚያልቅ ቀደም ብሎ መያዝ፣ በማዕበል ምክንያት ጉዞ ሊሰረዝ ስለሚችልም የመመለሻ አውሮፕላን ትኬትን ከመርከቡ ቀን ጋር አለማጣበቅ ይገባል። የመርከቡ የጊዜ ሠሌዳ በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ እኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የምንለው በእነርሱ 7 ሰዓት መሆኑን በሐሳቡ ብቻ የሚያሰላ ሰው ወደብ ላይ ሊቀር ይችላል።

ከስቶርኖዌይ ካላኒሽ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ ከካላኒሽ ዱን ካርሎዌይ ደግሞ ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የምዕራብ ጠረፉን የሚዞር የሕዝብ አውቶቡስ አለ፤ ይሁን እንጂ ምልልሱ ጥቂት ስለሆነ መኪና መከራየት ይመረጣል። በብሪታንያ የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ብዙ የገጠር መንገዶች አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ በመሆናቸው በየርቀቱ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ መጠባበቂያ አላቸው፤ ከፊት መኪና ሲመጣ በቅርቡ ባለው መጠባበቂያ ቆሞ ማሳለፍ፣ ላሳለፈም እጅ ማንሣት የአገሩ ወግ ነው። በጎች ከመኪና የመሸሽ ልማድ የላቸውም።

የሸንገን ቪዛ ያለው ሰው መግባት ይችላል?

አይችልም። ስኮትላንድ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ስለሆነች የምትጠይቀው የብሪታንያን ቪዛ ነው፤ ለደሴቲቱ የተለየ ፈቃድ የለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ በአውሮፓ ወይም በዓረብ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ፣ የጎብኚ ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ዜግነት ያላቸው ከ2025 ጀምሮ ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ከመነሣታቸው በፊት ማግኘት ይጠበቅባቸዋል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ይመረጣል። በሰኔ ወር ቀኑ እስከ 18 ሰዓት ስለሚረዝም ካላኒሽን ከምሽቱ 4 ሰዓት በፀሐይ ብርሃን ማየት ይቻላል፤ በታኅሣሥ ግን ብርሃኑ ሰባት ሰዓት አይሞላም። በጋ ሲባል የአዲስ አበባን ፀሐይ የሚጠብቅ ሰው ግን ይከፋዋል። ሐምሌም ቢሆን ወፍራም ሹራብ፣ ውኃ የማያስገባ ካፖርትና ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። ጃንጥላ ዋጋ የለውም፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ነፋሱ በሚቆምበት ጊዜ ደግሞ «ሚጅ» የሚባሉ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ተናካሽ ዝንቦች በመንጋ ይነሣሉ፤ ከእነርሱስ ነፋሱ ሳይሻል አይቀርም።

እሑድ መጎብኘት ይቻላል?

ሁለቱም ቦታዎች አጥር ውስጥ የተቆለፉ ስላልሆኑ በማንኛውም ቀን ይጎበኛሉ። ሉዊስ ግን ሰንበትን አጥብቀው ከሚጠብቁ የብሪታንያ ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት። የእሑድ አውሮፕላን የጀመረው በ2002፣ የእሑድ መርከብም በ2009 ነው፤ ሁለቱም ሲጀምሩ ከብዙ ምእመናን ተቃውሞ ገጥሟቸው ነበር። አብዛኞቹ ሱቆችና ምግብ ቤቶች፣ የመረጃ ማዕከላቱም ጭምር፣ በዚያ ቀን ዝግ ናቸው፤ የገጠር አውቶቡስም አይጠበቅም። ስለዚህ ነዳጅና ምግብ ቅዳሜ መያዝ ያስፈልጋል። በአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ በጸሎት ሰዓት ድምፅን ዝቅ ማድረግ ተገቢ መሆኑን ለእኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

መግቢያ ይከፈላል?

ለግንቡ አይከፈልም፤ ለድንጋዮቹም ሳይከፈል ቆይቷል፣ ይህ አለመለወጡን ግን ከጉዞ በፊት ማረጋገጥ ይገባል። በካላኒሽ የጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ ያለው ዐውደ ርእይ የራሱ ክፍያ አለው፤ ከ2024 ጀምሮም ትልቅ የዕድሳት ሥራ የተካሄደበት ስለሆነ የሚከፈትበትን ሰዓት ከጉዞ በፊት ማረጋገጥ ይገባል። የግንቡ ድንጋዮች የሚመረመሩበትና ወደ ውስጥ መግባት የሚከለከልበት ጊዜም ስለሚኖር ስለዚህም አስቀድሞ መጠየቅ አይከፋም።

ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጓዙ ምቹ ነውን?

ካላኒሽ በአብዛኛው ምቹ ነው። ወደ ዱን ካርሎዌይ የሚወስደው መንገድ አጭር ቢሆንም ዳገታማ ነው፤ የግንቡ መግቢያ ዝቅተኛ፣ የውስጡ ወለልም ወጣ ገባ ያለ ዓለት ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበር አይገባበትም። አቅም ያነሰው ሰው ከታች ካለው የመኪና ማቆሚያ ሆኖም የተናደውን ጎን በደንብ ያያል። ልጆች ግንቡን ይወዱታል፤ በካቡ ላይ እንዳይወጡ ግን እጃቸውን መያዝ ያስፈልጋል።

ስለ ምግብና ስለ ጾም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ?

አለ። ስቶርኖዌይ በስሟ የምትታወቅበት «ብላክ ፑዲንግ» የተባለው ምግብ ከደም የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በብዙ የእንግዳ ማረፊያዎች ከቁርስ ጋር ሳይጠየቅ ይቀርባል። ጥቁር ቋሊማ ስለሚመስል ምንነቱን ሳያውቅ የሚቆርስ እንግዳ ብዙ ነው፤ ደም የማይበሉ ክርስቲያኖች፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ማረፊያ ሲይዙ አስቀድመው ቢናገሩ አስተናጋጆቹ በደስታ ይለውጡላቸዋል። የፍልሰታ ጾም በጉብኝት ወቅት ስለሚውል፣ የሚጾም ሰው «ቪጋን» የሚለውን ቃል ቢጠቀም ይግባባል፤ ዓሣን ግን ለይቶ መጥቀስ አያስፈልገውም፣ ቃሉ እርሱንም ያስቀራል። ከ2018 ጀምሮ በስቶርኖዌይ መስጊድ አለ።

በቦታዎቹ ላይ የተከለከለው ምንድን ነው?

በግንቡ ካብ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ያለ ማጣበቂያ የተካበ ግድግዳ በእያንዳንዱ ድንጋይ ክብደት ሚዛን ብቻ የቆመ ስለሆነ፣ አንድ ድንጋይ ከቦታው ከተነቃነቀ ከላዩ ያሉት ሁሉ ይከተሉታል። በመሬት ላይ የወደቁ ድንጋዮችን ማንሣት፣ መደራረብም ሆነ ለማስታወሻ ይዞ መሄድ አይፈቀድም። በካላኒሽ ትክል ድንጋዮችን በእጅ መንካት የተለመደ ቢሆንም መቧጨር፣ በስንጥቁ ውስጥ ሳንቲም መሰካትና እሳት ማንደድ ወንጀል ነው። አካባቢው የግጦሽ መሬት ስለሆነ የከፈቱትን በር መልሰው ይዝጉ።

ስንት ጊዜ ይበቃል፤ የትኛውስ ይቅደም?

ጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ለካላኒሽ አንድ ሰዓት፣ ለዱን ካርሎዌይ ሃያ ደቂቃ ይመድባሉ። ለግንቡ ይህ አይበቃውም። ከውጭ በተናደው በኩል ቆሞ ሁለቱን ካቦች ለይቶ ማየት፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ መግባት፣ በካቦቹ መካከል ዓይን ከጨለማው ጋር እስኪላመድ መጠበቅ፣ የቆጡን እርከን በዓይን መከተል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈልጋል። ሙሉ ቀን ያለው ሰው ጠዋት በካላኒሽ ጀምሮ፣ እኩለ ቀን ላይ በጋሬናን ቤቶች አርፎ፣ ከሰዓት በኋላ ግንቡ ጋ ቢደርስ ይመረጣል፤ የምዕራቡ ፀሐይ በዚያ ሰዓት በካቡ ላይ በአግድም ስለሚወድቅ እያንዳንዱ ድንጋይ ከጎረቤቱ ተለይቶ ይታያል። ግማሽ ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን ትናንሾቹን ክቦች ትቶ ሁለቱን ዋና ቦታዎች ብቻ ይያዝ፤ ዝናብ ከጣለም ግንቡን ያስቀድም፣ በሁለቱ ካቦች መካከል መጠለያ ያገኛልና።